ጋሼ ሚዛንና የግራ ኪስ

ያን ዕለት ዝናቡ የጀመረው ገና ሳይነጋ ነው። ኃይለኛ አልነበረም፤ ግን ማባራትን ረስቶታል። እንዲህ ያለው ዝናብ ለማተሚያ ቤት ከጎርፍ ይከፋል። ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ጠርዙ ይጠቀለላል፤ ሲያጥፉትም እንደ እልኸኛ ልጅ ተመልሶ ይቃናል። የጥረዛ ክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። አምስት ሴቶች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን፣ ከማሽን ክፍል የመጣውን ወረቀት እያጠፍን ነበር። አንዱ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ እኛ “እጥፍ” እንለዋለን። እጥፎቹ በተራ ይደረደራሉ፣ ይሰፋሉ፣ ጀርባቸው ሙጫ ይቀባል፤ መጽሐፍ የሚባለው ነገር ይኸው ነው። የዚያን ቀን የምናጥፈው የጋሼ ሚዛንን መጽሐፍ ነበር።

ሚዛን ያልነው እኛ ነን እንጂ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ሥራው እርማት ነበር። ማንኛውም ነገር ከመታተሙ በፊት መጀመሪያ በእሱ ቀይ እስክሪብቶ ሥር ያልፋል፤ የመድኃኒት ወረቀት ይሁን፣ የሠርግ ጥሪ ይሁን፣ የእቁብ ደብተር ይሁን። በደረት ኪሱ ሦስት ቀይ እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ክፍሉን ከጥረዛ ክፍላችን የሚለየው ከወገብ በታች ጣውላ፣ ከወገብ በላይ መስታወት የሆነ ግድግዳ ነው። አንደኛው መስታወት ከተሰበረ ዓመታት ስላለፉት ቦታውን ካርቶን ሸፍኖታል። በካርቶኑ በኩል እሱ ሲያስነጥስ እኛ “ይማርህ” እንላለን፤ እኛ ስናወራ ደግሞ እሱ ይሰማል። መስማቱን የምናውቀው ቀይ እስክሪብቶው ሲጫር ነበር።

በወጣትነቱ ሁለት ዓመት አስተምሮ ነበር። ለምን እንደተወው ሲጠየቅ በየጊዜው ሌላ ምክንያት ይሰጣል። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩ ቀንቶበት ነው፣ ሌላ ጊዜ የጠመኔው ብናኝ ሳንባውን ነክቶት ነው። ማተሚያ ቤት የገባው “ለጊዜው” ነበር፤ ጊዜው ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ግጥምም ሞክሯል። ገና ጎረምሳ ሳለ አሥር ግጥሞች ጽፎ ለአንድ መጽሔት ልኮ ነበር። ግጥሞቹ ከነፖስታቸው ሲመለሱ፣ ከላይኛው ወረቀት ጥግ አዘጋጁ በእርሳስ “ሚዛኑ ተጠብቋል” ብሎ ጽፎበታል። ሌላ አንዲት ቃል የለም። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ከሚዛኑ በቀር ምንም የለበትም ማለቱ እንደሆነ ይገባው ነበር። እሱ ግን እንደ ሽልማት ቆጥሮት ወረቀቱን ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አደረገው፤ ዕድሜ ልኩንም እየጠበቀ የኖረው ያችኑ ሚዛን ነው።

የግጥም መጽሐፋቸውን በራሳቸው ወጪ ለማሳተም የሚመጡ ምስኪኖች እጁ ላይ ሲወድቁ ማየት ያሳቅቅ ነበር። ስንኙን ያነብና አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ እያሳለፈ የቃላቱን ድምፆች፣ ቀለም የሚላቸውን፣ ይቆጥራል።

“አንድ ቀለም ይጎድልሃል፣ ወንድሜ።”

“ጋሼ፣ ስሜቱ ግን—”

“ስሜቱን ተወው፤ ስሜት አይጎድልም። የጎደለው ቀለም ነው።”

አንዱ ገጣሚ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ትልቅ ሰው፣ የእናቱ ለቅሶ ላይ የጻፈውን ግጥም እንደዚያ እየተቆጠረ ሲቀነስበት በእንባ ሲወጣ አይቻለሁ። ጋሼ ሚዛን ግን ከኋላው፣ “ቤት መምታትም ይለማመድ!” አለ።

በሻይ ሰዓት ወደ እኛ ይመጣል። ብርጭቆውን ከታጠፈ ወረቀት ላይ ያስቀምጥና (ክቡ ምልክት እስከ ዛሬ ስንት መጽሐፍ ላይ ይኖር ይሆን!) ያስተምረናል። አንዷ የግጥም መስመር ስንኝ ትባላለች። የስንኝ ግማሽ፣ ትንፋሽ የሚወሰድባት ቦታ ድረስ ያለችው፣ ሐረግ ናት። የስንኞች መጨረሻ በድምፅ ሲገጥም ቤት መታ ይባላል። ስንኞች ተሰባስበው አንድ ሐሳብ ሲቋጩ አንጓ ናቸው። ምት ደግሞ ስንኙ ሲነበብ እንደ እግር ኮቴ የሚሰማው መውደቅና መነሣት ነው። ይህን ሁሉ የሚለው እኛን እያየ አይደለም፤ ከጭንቅላታችን በላይ ግድግዳውን እያየ ነው።

“አንጓ የምትለው ለእኛ አይሆንም፣ ጋሼ” ትለዋለች መርፌ። መጽሐፉን በክር የምትሰፋው እሷ ናት፤ መርፌ ያልናት ግን ስለ ምላሷም ነው። “እኛ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ፎርማኑ ይመጣል።”

እሷ ይህን የምትለው እኛም ግጥም ስለነበረን ነው፤ ግጥም ብለን ባንጠራውም። የጠረጴዛው ልማድ ነበር። አንዷ ወረቀቷን ስታጥፍ አንድ ስንኝ ትወረውራለች፤ ሌላዋ ሦስተኛውን እጥፋት በመዳመጫው ተጭና ሳትጨርስ ቤት የሚመታ መልስ መስጠት አለባት። መልስ ያጣች ሻይ ታፈላለች። ይኸው ነው። ክንድ እንዳይዝል፣ ቀኑም እንዲያልፍ ነበር። ስለ ፎርማኑ የተባለችውን አስታውሳለሁ፤

ፎርማኑ ይመጣል፣ እንደ ዶሮ ኮርቶ፤
ጌታው ሲጠሩት ግን፣ እንደ ጨው ሟሙቶ።

የአንዷን ጣት ጫፍ ስለበላው መቁረጫ ማሽን ደግሞ፤

መቁረጫው ተራበ፣ አፉን ከፍቶ ዋለ፤
የማንን ጣት ይሆን፣ ለምሳዬ ያለ።

ስለ ራሱ ስለ ጋሼ ሚዛንም አልቀረም፤

ቀለሙ በዝቶበት፣ ጣት ያለቀ ጊዜ፤
ጫማውን አወለቀ፣ ጋሼ በትካዜ።

እስክሪብቶው ከካርቶኑ ኋላ ሲጫር የምንሰማው እንዲህ ባልን ቁጥር ነበር። እንግዲህ ሰውየው መጽሐፍ እየጻፈ ኖሯል። ተማሪዎች ግጥምን እንዲረዱ መሠረታዊ ቃላቱንና ዘዴዎቹን የሚያስተምር፤ ርዕሱ ብቻ ሦስት መስመር የሚፈጅ መጽሐፍ። የትምህርት ቤቶች መጽሐፍ የሚመርጠው ኮሚቴ ከተቀበለለት በየክፍሉ ይገባል፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሌሎችን ኮማ ሲያስተካክል የኖረ ሰው የራሱ ስም ሽፋን ላይ ይወጣል። ትርጓሜዎቹን ከየመጻሕፍቱ ለቃቅሞ ጨርሷል። የጎደለው ምሳሌ ነበር። የራሱን እንዳያስገባ አዘጋጁ የመለሳቸው ግጥሞች ለምሳሌም የሚሆኑ አይደሉም፤ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ስለዚህ ከእኛ ወሰደ። “እንደ ዶሮ” የሚለው ተነጻጻሪ ዘይቤ ሆነ፣ አንዱን ነገር በ“እንደ” ከሌላው ጋር ማመሳሰል ማለት ነው። የተራበው መቁረጫ ሰውኛ ሆነ፤ ግዑዙን እንደ ሰው ማድረግ። ጫማ ማውለቁ ደግሞ ግነት፤ ከልክ በላይ ማጋነን። ስለ እሱ መሆኑን አላወቀም። “ጫማውን” የሚለውን ግን “ጫማ” ብሎ አሳጥሮታል፤ ሚዛን ለመጠበቅ።

አንዷንም አልጠየቀም። ከእያንዳንዱ ምሳሌ ሥር “ገጣሚው ያልታወቀ” ብሎ ጻፈ። ሦስት እርምጃ ራቅ ብለን ቆመናል እኮ።

ይሁን። እሱ ባያደርገው ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? ሳቅ ነው፤ ይባላል፣ ያልፋል። ነገሩ የከበደው በእትዬ ሙጫ ነው።

እትዬ ሙጫ ከጠረጴዛው መጨረሻ፣ ከሙጫው ምድጃ አጠገብ የምትቆም ሴት ናት። እጥፎቹን በተራ ሰብስቦ፣ መርፌ ከሰፋችው በኋላ ጀርባውን መቀባት የእሷ ሥራ ነው። ማንኛውም መጽሐፍ በእሷ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። ስንኝ ሲወረወርላት መልሳ አታውቅም። ዝም ብላ ተነሥታ ሻይ ታፈላለች። አንድ ልጅ ነበራት። በሰባት ዓመቱ በአራት ቀን ትኩሳት ሞተ። ግራኝ ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ፣ ብዩንም ጠጠሩንም፣ የግራ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ የግራ ኪሱ ደግሞ ቀዳዳ ነበር። “ነገ እሰፋልሃለሁ” ስትለው ከርማለች። ይህን የነገረችን አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ አላነሣችውም፣ እኛም አላነሣንባትም።

ልጁ በሞተ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ፎርማኑ አንገቱን በበሩ አስግጎ “ቶሎ በሉ እንጂ!” ብሎ ሄደ። መርፌ ከኋላው ወረወረችበት፤

“ቆይ አልኩህ አይደል ወይ፣ ምን ያስቸኩልሃል!”

ስቀን መልስ የምትሰጠውን ስንጠብቅ፣ ከሙጫው በኩል፣ ብሩሹን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ እትዬ መለሰች፤

“የግራ ኪስህን ሳልሰፋው፣ ምን ይይዝልሃል።”

መርፌ ወረቀቷን አስቀምጣ ሻይ ልታፈላ ሄደች፤ የእሷ ተራ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ከካርቶኑ ኋላ ያ እስክሪብቶ ተሰማ። ከርር፣ ከርር።

ዝናቡ አላባራ ባለበት ቀን ሦስተኛውን እጥፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አጣፊ አያነብም፤ የገጽ ቁጥር አይቶ ያጥፋል። እኔ ግን ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ነው መሰለኝ ፊደል ካየሁ ዓይኔ አያልፍም። ገጽ ሠላሳ ሰባት ላይ አየሁት። ሞኝ ነኝና ደስ የሚላት መስሎኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤

“‘ቆይ አልኩህ አይደል ወይ፣ ምን ያስቸኩልሃል፤ ኪስህን ሳልሰፋው፣ ምን ይይዝልሃል።’ እትዬ፣ መጽሐፍ ላይ ወጣሽ!”

ብሩሹን አስቀመጠች። “ከሥሩ ያለውንም አንብቢው።”

ከሥሩ ያለውን ሳላየው ጀምሬ ነበር፤ ከጀመርኩ በኋላ ማቆሚያ አጣሁ። እንዲህ ይላል፤ “ማብራሪያ፦ ገጣሚዋ ጥሏት ሊሄድ የተነሣውን ፍቅረኛዋን በገንዘብ ልታባብለው ትሞክራለች። ኪስ የሀብት ተምሳሌት ነው። ተምሳሌት ማለት የሚታይ ነገር ለማይታይ ሐሳብ ቆሞ ሲገኝ ነው። ጥያቄ፦ ፍቅረኛው ለምን ቸኮለ? ሀ/ ሌላ ወዳጅ ስላገኘ። ለ/ ድህነቷን ስለጠላ። ሐ/ ሀ እና ለ መልስ ናቸው።”

እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ እጥፉን ከእጄ ወስዳ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባች። በካርቶኑ በኩል ሁሉንም ሰማን።

“ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ይቺን እርስዎ ነዎት የጻፏት?”

“የቷን? አሃ፣ ምሳሌ አሥራ አራት! ካንቺ ነው የሰማኋት አይደል? ደስ ይበልሽ፤ ከሁሉም የተሻለችው እሷ ናት።”

“ፍቅረኛ አይደለም።”

“ምኑ?”

“ልጄ ነው። የሞተው።”

አሁን ይሰበራል ብዬ ነበር፤ ሰው ነውና።

“እ… እግዜር ያጥናሽ” አለ። ወዲያው ደግሞ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማን፤ ተነሥቶ መቆሙ ነው። “እንዲህ ከሆነማ የበለጠ ነው! እንቶኔ ዘይቤ ነዋ! የሞተን ወይም የሌለን ሰው ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ ማናገር፤ እንቶኔ ይባላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደህና ምሳሌ አጥቼለት ነበር እኮ!”

“የግራ ነው ያልኩት።”

“እ?”

“የግራ ኪስህን ነው ያልኩት። እዚህ ያለው ኪስህን ብቻ ነው።”

“እሱማ ሁለት ቀለም ይበዛል። እዪ።” ሲቆጥር እንሰማዋለን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። “ስድስት ላይ መቆም አለበት፤ ያንቺው ስምንት ደረሰ። አየሽ? ደግሞስ ግራ ሆነ ቀኝ ለግጥሙ ምን ይፈይዳል?”

“ቀኙ ደህና ነበር።”

“እ?”

“ቀኙ ኪስ ደህና ነበር፣ ጋሼ። ቀዳዳው የግራው ነው።”

እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ሁለት ጊዜ አይነገርም። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ተማሪ ያስረዳት ጀመር። ግጥም እውነት ማለት አይደለም፤ ግጥም ልክ ነው፤ ለልክ ሲባል የማይጠቅም ቃል ይወጣል።

“እንግዲያው ሁሉንም ያውጡት” አለችው። “ልጆች እንዲህ እያሉ አይማሩበት። ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ።”

“አይወጣም፤ ታትሟል። ሃያው ናሙና ሰኞ ኮሚቴ ፊት መቅረብ አለበት። ፍቅረኛ የሚለውን ለዋናው እትም አስተካክልልሻለሁ፤ ቃሌ ነው።”

“የግራውንስ?”

“የግራው ይቀራል።”

ወጣች። አላለቀሰችም። አንዳችንንም አላየችም። ሙጫውን አማስላ፣ “ሃያው ታጥፎ አለቀ?” አለች። አልቆ ነበር። ስድስቱ ክምር በተራ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ሰብሳቢዋ ከዳር ትጀምርና ከየክምሩ አንዳንድ እያነሣች ትሄዳለች፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ አንድ መጽሐፍ በእጇ አለ። እትዬ አንደኛውን አነሣች፣ ሁለተኛውን አነሣች፣ ሦስተኛውን አለፈችው፣ አራተኛውን አነሣች። ሃያ ጊዜ። እኔ አየሁ። መርፌም አየች፤ እንዳላየች አምስቱን እጥፍ እንደ ስድስት አድርጋ ሰፋች። ፎርማኑ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ፎርማን ውፍረት እንጂ ገጽ አያይም፣ ወረቀቱ ደግሞ በእርጥበት አብጦ ወፈር ብሎ ነበር። ሦስተኛው ክምር ከሙጫው ምድጃ ሥር ገባ። እርጥብ ስለነበር ሲነድ ብዙ ጨሰ።

ይህን ስጽፍ የጀግና ታሪክ የምናገር እንዳይመስልብኝ። ሥራ ነው የሠራነው፤ ጥቂት ጎደል አድርገን።

አሁን ይህን ስሙ። ጋሼ ሚዛን ማለት በመድኃኒት ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ማሽን የሚያስቆም ሰው ነው። የገዛ መጽሐፉን ሃያ ቅጂ ስንሰጠው ሽፋኑን አየ። ስሙን አነበበ። ጀርባውን ዳበሰ። አልከፈተውም። ምናልባት ፈርቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ከስሙ በላይ የሚያነበው አልነበረውም።

በሦስተኛው ወር ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ኬክ አስገዝቶ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበን። ደብዳቤውን ፎርማኑ አነበበው፤ “መጽሐፉን እያንዳንዱን ገጽ በጥንቃቄ መርምረን፣ አቀራረቡ የተሟላና ደረጃውን የጠበቀ ሆኖ ስላገኘነው፣ ከቀረበው ናሙና ምንም ሳይጨመርበትና ምንም ሳይቀነስበት እንዲታተም ወስነናል።” አምስት ፊርማ አለው። አምስት ሰው፣ እያንዳንዱን ገጽ።

ተጨበጨበ። ጋሼ ሚዛን በታሰረ የወረቀት ክምር ላይ ወጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሦስቱ እስክሪብቶዎች ግን አሉ።

“ከመጽሐፉ አንዲት ምሳሌ አነብላችኋለሁ” አለ። “ገጣሚዋ እዚሁ መሐላችን አለች። እትዬ፣ ወደ ፊት ነይ እስቲ!”

እትዬ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እሱ ገጹን ገለጠ። ጣቱን በምላሱ አርሶ እንደገና ገለጠ። ወደ ኋላ መለሰ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሠላሳ ሁለት፣ አርባ ዘጠኝ። ሠላሳ ሁለት፣ አርባ ዘጠኝ።

“አንብብ እንጂ!” አለ ባለቤቱ፣ ኬኩን እየቆረሰ።

አነበበ። ዓይኑ ያረፈበትን ነው ያነበበው። ቀለሙ በዝቶበት፣ ጣት ያለቀ ጊዜ፤ ጫማ አወለቀ፣ ጋሼ በትካዜ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። የማተሚያ ቤቱን ሾፌር ኬኩ ትን አለው። ጋሼ ሚዛን በምን እንደሚስቁ አልገባውም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ግጥም አንብቦ ሰው ሳቀለት፤ እሱም ፈገግ አለ።

ከዚያ ቀጥ ብሎ ጥረዛ ክፍል መጣ። መጽሐፉን ከእትዬ ፊት ዘረጋው።

“ሦስተኛው እጥፍ የት ገባ?”

እትዬ ብሩሹን ከሙጫው አውጥታ በቆርቆሮው ጠርዝ ጠረገችው፤ በአንዱ ጎን፣ በሌላውም ጎን። “ሚዛኑ በዛብኝ። ቀነስኩት።”

“አንቺ… ምን ዓይነት ሰው ነሽ? የሃያ ስድስት ዓመት ልፋቴን እኮ ነው! ምዕራፍ ሦስት በሙሉ! ምቱ፣ ተምሳሌቱ፣ እንቶኔው—”

“አንተ ለአንዲት ቃል ቦታ አጣህ” አለችው። አንቱታው ቀርቷል። “እኔም አጣሁ።”

“እከስሻለሁ! ለኮሚቴው እነግራለሁ!”

“ንገራቸዋ” አለች መርፌ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። “ኮሚቴው የተሟላ ነው ብሎ አምስት ፊርማ ፈርሟል። ሂድና ‘ጌቶቼ፣ ሳታነቡ ነው የፈረማችሁት’ በላቸው። ስትመለስ ምን እንዳሉህ ትነግረናለህ፤ ሻይ አፍልተን እንጠብቅሃለን።”

መልስ ያጣች ሻይ ታፈላለች እንደምንለው ነው፤ እሱ ግን ሻይ ማፍላትም አያውቅም። እዚያው ቆሞ አንዴ መጽሐፉን፣ አንዴ እሷን ያያል። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት፤ “የግራውን እመልሳለሁ” ቢላት ኖሮ፣ እኔ እትዬን አውቃታለሁ፣ ያን ምዕራፍ በገዛ እጇ አጥፋ በገዛ እጇ ታስገባለት ነበር። ስሕተቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ለኮሚቴው በጨዋ ቋንቋ ይጻፍለት ነበር፤ ሰው ይሳሳታል። እሱ ግን መጽሐፉን ዘግቶ በብብቱ ይዞ ወጣ። ወደ ኮሚቴው አልሄደም።

ዋናው እትም ሲታተም ለእርማት የቀረበው ለራሱ ነው። “ምንም ሳይጨመርበትና ምንም ሳይቀነስበት” ተብሏላ። ከምዕራፍ ሁለት ቀጥሎ ምዕራፍ አራት። ከገጽ ሠላሳ ሁለት ቀጥሎ ገጽ አርባ ዘጠኝ። ቁጥሩን ማስተካከል እንኳ ፈራ፤ ቁጥሩ ከተነካ ጥያቄ ይነሣላ። ከሥሩ በቀይ “ታርሟል” ብሎ ፈረመ። በሺዎች አጠፍነው፤ በየትምህርት ቤቱ ገባ።

የእህቴ ልጅ በዚያ መጽሐፍ ተምራለች። አንድ ቀን ቤት መጥታ፣ “አክስቴ፣ ምዕራፍ ሦስት የት ሄደ?” አለችኝ።

“አስተማሪሽ ምን አለ?”

“ለከፍተኛ ክፍል ነው አለን። ግን መጨረሻ ላይ ያለው መልመጃ ‘በምዕራፍ ሦስት የተማራችሁትን እንቶኔ ዘይቤ አብራሩ’ ይላል። እሱንም ዝለሉት አለን።”

ትምህርት ማለት እንዲህ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት፤ ብዙ የቀረብኝ ይመስለኝ ነበር።

የእትዬን ነገር ማንም ለተማሪ የፈተና ጥያቄ አላደረገውም፤ የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር፣ ሆነላት። ግን ነጻ አልወጣንም። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ስንኝ የሚወረውር ጠፋ። አንዷ ልትጀምር አፏን ስትከፍት ዓይኗ ወደ ካርቶኑ ይሄድና ትተወዋለች። ስንስቅ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ለመድን፤ ከዚያ መሳቁንም ተውነው። ቀኑ ረዘመ። ሻይ የማፍላቱ ተራ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሦስተኛው ዓመት የማጠፊያ ማሽን ገባና ከአምስታችን ሦስታችን ወጣን። እትዬ ሙጫ ቀረች፤ ማሽኑ ሙጫ አይቀባም።

ጋሼ ሚዛን ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ከታናሽ እህቱ ጋር ይኖራል፤ ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ዓይኑ ስለደከመ ጋዜጣውን የምታነብለት እህቱ ናት፤ ሲጠይቋት፣ “ቃል ዘለልሽ” እያለ እያንዳንዱን ዜና ሁለት ጊዜ እንደሚያስነብባት ትናገራለች። መጽሐፉ ባለፈው ዓመት ለሰባተኛ ጊዜ ታትሟል።